ወሬ የማታሳጥረው ዘኪያ

የእኅቴን ሞት የሰማሁት ከመቀሌ ወጣ ባለችው ቁሓ ሆኜ ነው። ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ኮት እየለካሁ ሳለ ጎረቤታችን ከፋለ ከካሚዮን ላይ ወርዶ ወደምሠራበት በረንዳ መጣ። ሰላምታውን አረዘመው። ልጆቼ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀኝ፤ እኔ ከቤት ከወጣሁ ሁለተኛ ቀኔ ስለነበር ጠዋት ያያቸው እሱ ነው። ከዚያ ዘኪያን ትንሽ አሟታልና አብረን እንሂድ አለኝ። ምን ያህል እንዳመማት ስጠይቀው ትንሽ ነው ብሎ ሜትሩን ከአንገቴ ላይ አወረደና ጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። ከፋለ ጭነት አውራጅ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲያነሳ የሚውል ሰው፣ ሳይጠሩት ዕቃ ሲነካ አይቼው አላውቅም። እኅቴ መሞቷን ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

መቀሌ እስክንደርስ አልነገረኝም። ስለ መንገዱ አቧራና ስለ ሾፌሩ ዐመል አወራኝ። ክፋት አይደለም፤ በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አሞታል ይባላል፣ ቀጥሎ ጠናበት፣ የቀረውን ደጃፍ ላይ የተሰበሰበው ሰው ይናገራል። ዘኪያ ብትሰማው ግን ትቆጣ ነበር። «ወሬን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚሰጠኝ ሰው የሰጠኝ ጨርቁን ነው» ትል ነበር። ይህን የምትለው በምክንያት ነው። ምክንያቱን ላላወቋት ሰዎች መጻፍ ፈልጌያለሁ።

እትዬ ዘኪያና እኔ የተወለድነው ወረ ሂመኖ ነው። ባሏ ይማም የጨው ነጋዴ ስለነበር መቀሌ ይዟት መጣ፤ እኔም ስፌት ተምሬ ስለነበር ተከትያቸው መጣሁ። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ከሠላሳ አልፏል። ትግርኛ አታውቅም። ሰው ደጃችን ሲመጣ እኔን አስቀድማ ከኋላዬ ትቆም ነበር። በአማርኛም ቢሆን ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም። ገበያ ወጥታ ማሽላ መሸጥ ስትጀምር እንኳ ገዢው ሲጠይቃት በጣቷ እያሳየች ነበር የምትሸጠው። የመቀሌ ሴቶች «ዲዳዋ ወሎዬ» ይሏት ነበር፤ እሷ ምን እንደሚሏት አታውቅም፣ እኔም አልነገርኳትም።

ይማም ጨው ለማምጣት ወደ ዓፋር ቆላ የወረደው በ1928 ዓ.ም. ጥቅምት ሲጠባ ነው። በዚህ አገር አርሖ ይሉታል፤ ነጋዴዎች በቅሎና ግመል ይዘው በራህሌ በሚባለው ቦታ አልፈው ጨው ወደሚቆረጥበት ሜዳ ይወርዳሉ፣ አሞሌ ጭነው ይመለሳሉ። በዚያው ወር ኢጣልያኖች መቀሌ ገቡ። ሁሉም ነገር ተደበላለቀ። ከይማም ጋር የወረዱት ሰዎች ግን አንድ በአንድ ተመለሱ። አንዱ ይማም ታሞ በራህሌ ቀርቷል፣ ሲሻለው ይመጣል አለ። ሌላው ከሌላ ጭነት ጋር ወደ ባሕሩ ሳይወርድ አልቀረም አለ። ሦስተኛው የይማምን በቅሎ ደጃችን ላይ አስሮ ሄደ።

ዓመት አለፈ። ይማም ቆላ አግብቶ ቀርቷል የሚል ወሬ ተነሣ። ሽማግሌዎች ታገሺ አሏት። ባል ሲሞት የኀዘኑን ጊዜ፣ ዒዳ ይቀመጡለታል፣ ሲፈታ ይረሱታል፣ ሲታመም ይጠብቁታል። ዘኪያ ከሦስቱ የትኛውን ማድረግ እንዳለባት አታውቅም ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የይማምን የጁምዓ ልብስ ከሣጥን አውጥታ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ አጥፋ ትመልሳለች። ሌላ ባል አልፈለገችም። የፈለገችው ልብሱን ማጠብ አለባት ወይስ የለባትም የሚለውን ማወቅ ብቻ ነበር።

በገበያው አብዱልወሃብ የሚባል የመቀሌ ተወላጅ ደላላ ነበር። ዓፋርኛ ስለሚያውቅ ግመለኞቹ ጨው ሲሸጡና እህል ሲገዙ እሱ ነበር ቱርጁማናቸው። ዘኪያ እንዲጠይቅላት በእኔ በኩል ለመነችው። አንድ ሰኞ ከበራህሌ የመጣ ወጣት ግመለኛ አገኘና ሦስታችንም ሄድን። አብዱልወሃብ ጠየቀው። ወጣቱ ዱላውን መሬት ላይ አስተኝቶ ቁጢጥ አለና መናገር ጀመረ። ረጅም ተናገረ። በእጁ ወደ ምሥራቅ እያመለከተ፣ ድምፁን ዝቅ እያደረገ፣ አንዳንዴም ቆም እያለ ተናገረ። ሲጨርስ አብዱልወሃብ ወደ እኛ ዞሮ «አላየሁትም ነው የሚለው» አለን።

አመስግነን ተመለስን። ቤት ገብታ ነጠላዋን ስትሰቅል «ያን ሁሉ ተናግሮ አላየሁትም ብቻ ነው?» አለችኝ። ቋንቋው ረጅም ይሆናል አልኳት። «ቋንቋ እንዲህ አይረዝምም» አለች።

በማግስቱ ዓፋርኛ እማራለሁ አለችኝ። ሳቅሁ። በዚያ ዘመን ከተማው በሙሉ ጣልያንኛ ይማር ነበር። ጣልያኖቹ የሰፈሩበት ቁሓ ሥራ የሚፈልግ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ እንቁላል የሚሸጥ፣ ሁሉም ጥቂት ቃል ነበረው። እኔም ካሚቻ፣ ጃኬታ፣ ቦቶኒ እያልኩ እሰፋ ነበር። ከተማርሽ አይቀር ጣልያንኛ ተማሪና እንጀራ ይውጣልሽ አልኳት።

«ጣልያኖቹ ይማምን አያውቁትም» አለችኝ።

መጀመሪያ የያዘችው ማሽላ መስፈሩን ነው። ግመለኞቹ ቁና ሲቆጥሩ ከአፋቸው እየነጠቀች ቁጥሩን ያዘች፤ ኢንኪ፣ ነማይ፣ ሲዶሑ እያለች። ከዚያ ውሃን ሌ፣ ወተትን ሐን ማለት ቻለች። ከጉሮሮ የሚወጡት ሐ እና ዐ ለእኛ ለወሎዬዎቹ ያስቸግራሉ፤ ትግርኛ ስናገር እስከ ዛሬ ይሳቅብኛል። እሷ ግን እነዚህን ድምፆች ልጅ ሳለች ቁርዓን ስትቀራ ሼኹ አርጩሜ ይዘው አስተምረዋት ነበር። ከሶላቷ አውጥታ ገበያ አመጣቻቸው።

ሆኖም ቃል መልቀም ሌላ ነው፣ መናገር ሌላ ነው። ወራት ፈጅታ አንዲት ጥያቄ አዘጋጀች፤ ባሌ ይማም በራህሌ ወርዶ ነበር፣ አይተኸዋል ወይ የምትል። እኔ ላይ ደጋግማ ተለማመደቻት፤ አንዲት ቃል ባይገባኝም በቃሌ ያዝኳት። አንድ ሰኞ ከማሽላዋ አጠገብ ሊያርፍ ለተቀመጠ ሸምገል ያለ ዓፋር ተናገረችው። ሰውየው አዳመጣት። ጥያቄውም ገብቶታል። ከዚያ ዱላውን አነሣና፣ ሳይመልስላትም፣ እህልም ሳይገዛ ሄደ። ዘኪያ ቋንቋውን ያበላሸች መስሏት ቀኑን ሙሉ ስታዝን ዋለች።

ያበላሸችው ቋንቋውን አልነበረም። ይህን ያስረዳቻት ሳሊሃ ናት። ሳሊሃ ከአብዓላ በኩል ሰሌንና ገመድ እየሸጠች የምትመጣ ዓፋር ባልቴት ናት። ሰሌኗን የምታሳድርበት ስታጣ ዘኪያ የግቢያችንን ጥግ ሰጠቻት፤ ሙቀቱ ቆላ ሲበረታ ወሩን ሁሉ እኛ ዘንድ ትሰነብት ነበር። አማርኛም ትግርኛም አታውቅም፤ ለመማርም አልፈለገችም። ዘኪያ ስትሳሳት ከልቧ ትስቃለች። «እንደ ሕፃን ታወሪያለሽ» ትላታለች፤ «ሕፃንስ ጥርስ ያወጣል፤ አንቺ ጥርስሽን ይዘሽ ነው የመጣሽው።» ይህን ዘኪያ ራሷ ናት ለእኔ የነገረችኝ፣ እየሳቀች።

ሳሊሃ የሽማግሌውን ነገር ስትሰማ አልሳቀችም። ዘኪያ ያልሰጠችውን እንደጠየቀች ነገረቻት። ዓፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይቀመጣሉ። የቸኮለም ቢሆን ይቀመጣል። አንዱ ያየውንና የሰማውን በሙሉ ይናገራል፤ ዝናብ የት እንደጣለ፣ የማን ግመል እንደሞተች፣ ማን እንዳገባ፣ የትኛው ውሃ እንደደረቀ። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ከእገሌ ሰማሁ ይላል፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ሁለተኛ አይታመንም። ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል። ከዚያ ተራው ይሆንና እሱ ደግሞ ይሰጣል። ምንም ሳይሰጥ የራሱን ጉዳይ ብቻ የሚጠይቅ ሰው በእነሱ ዘንድ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ያላደገ ነው። ዘኪያ ይህን ለመረዳት አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶባታል፤ ሳሊሃ ጠጠር መሬት ላይ እየደረደረች ነበር ያስረዳቻት።

ከዚያ ወዲህ የእኅቴ አኗኗር ተለወጠ። ዳጉ ለመቀመጥ የምትሰጠው ወሬ ያስፈልጋታል፤ የምትሰጠው ደግሞ በዓይኗ ያየችው መሆን አለበት። ከኋላዬ ትቆም የነበረችው ሴት ከተማውን መዞር ጀመረች። ዓይናለም በሚባለው ቦታ ውሃው ቀነሰ ሲባል ወርዳ ጉድጓዱን ራሷ አይታ ትመለሳለች። ቁሓ ስንት ካሚዮን እንደቆመ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ የማሽላ ዋጋ በየትኛው ገበያ እንደረከሰ፣ ግመል የሚያስነጥሰው በሽታ ደጋ ደርሶ እንደሆነ ትጠይቃለች። ለመጠየቅ ደግሞ ትግርኛ ስላስፈለጋት እሱንም በዚያው ያዘችው። እኔ ለዓመታት ስሰፋላቸው የኖርኩትን ሰዎች ስም እሷ ነበረች የምትነግረኝ። የሰው ልብስ ስለካ ውዬ ስገባ ምን ሰማህ ትለኛለች፤ ስነግራት «አየህ ወይስ ሰማህ?» ትላለች። አዋጅ ነጋሪ ሆንሽ ብዬ ቀለድኩባት። አዋጅ ነጋሪ ለሌላው ተራ አይሰጥም አለችኝ።

የገበያው ሴቶች ግን አልለቀቋትም። ዲዳዋ ወሎዬ የዓፋር ሙሽራ ልትሆን ነው አሉ። ማሽላ የምትሸጥ አሰገደች የምትባል ሴት አንድ ቀን በሁሉም ፊት፣ ባልሽ ቆላ አገባ ብለሽ አንቺም ልትበቀይ ነው ወይ አለቻት። ዘኪያ አሁን ትግርኛው ይገባታል። ቁናዋን ሞልታ እየደለደለች፣ አግብቶ ከሆነም ሚስቱን በቋንቋዋ ሰላም እላታለሁ ብላ መለሰች። አሰገደች ከዚያ በኋላ ይህን አላነሣችም። ኋላ ኋላ ወዳጆች ሆኑ።

ቋንቋው መቼ እንደገባት እንዲህ ብዬ ቀኑን መናገር አልችልም። አንድ ሰኞ የሆነውን ግን አስታውሳለሁ። አንድ ግመለኛ ቁናዋ ትንሽ ነው፣ የዶሮ መስፈሪያ ነው ብሎ ጮኸባት። ዘኪያ ቀና ሳትል አንድ ነገር አለችው። የተቀመጡት ዓፋሮች ሁሉ ሳቁ፣ ሰውየውም ከነብስጭቱ ሳቀና ገዛ። ምን አልሽው ብላት «ግመልህን አይቻታለሁ፣ ለእሷ ይበቃታል» ማለቷን ነገረችኝ። ቀጥሎ ለመጣችው የእንደርታ ሴት ማሽላ ስትሰፍርላት በዓፋርኛ ነበር የቆጠረችው። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ስታያት ነው ዘኪያ ያወቀችው። ያን ጊዜ አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነበር የቀራት።

ስለ ይማም ግን ማንንም አልጠየቀችም። ዳጉ በተቀመጠች ቁጥር የምትሰጠውን ሰጥታ ስትጨርስ፣ ከዝናቡና ከካሚዮኑ ቀጥላ፣ እንደሌላው ወሬ በተራው አንድ ነገር ትጨምራለች። ባሌ ይማም በጥቅምት ወደ በራህሌ ወረደ፤ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሲመለስ አላየሁም። ይህን ብላ ታበቃለች። ያ ወጣት ከመጣ ወዲህ የበራህሌ ግመሎች በጦርነቱ ምክንያት ለጥቂት ዓመታት ወደ ሌላ ገበያ ዞረው ስለነበር የምትነግረው ለአብዓላ ሰዎች ነበር። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ፣ እነዚህ ሰዎች በዚያ በኩል አይሄዱም፣ ለምን ትነግሪያቸዋለሽ አልኳት።

«እነሱ ባይሄዱ ወሬው ይሄዳል» አለች።

ሄደ። ክረምቱ አልፎ ጨው መውጣት እንደጀመረ፣ 1933 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ሁመድ የሚባል ሽማግሌ ግመሎቹን እየነዳ መቀሌ ገባ። እኔ በዚያ ሰኞ የተሰፋ ልብስ ለሰው ላደርስ ገበያ ነበርኩና አይቻለሁ። ጨውን ሳያወርድ የማሽላ ሻጮቹን ተራ እያየ አለፈና ዘኪያ ፊት ቆመ። የጠየቃትን ኋላ ነው የነገረችኝ። «ባሏ ሲወርድ ያየች፣ ሲመለስ ያላየች አንቺ ነሽ?» ነበር ያላት።

ነኝ አለችው። ተቀመጠ።

ዳጉ ተቀመጡ። እሷ ጀመረች። እንግዳ ስለሆነ ከሥሩ ነበር የጀመረችው፤ የክረምቱን ዝናብ፣ የዓይናለምን ውሃ፣ የቁሓን መንገድ፣ የእህሉን ዋጋ አንድም ሳታስቀር ሰጠችው። አላቋረጣትም፤ በየዐረፍተ ነገሩ ጉሮሮውን እያሰማ ብቻ አዳመጣት። ይማምንም በተራው ነገረችው። ከዚያ እሱ ጀመረ። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ የማየው የእኅቴን ጀርባና የሽማግሌውን ፊት ነበር። ጀርባዋ አልተንቀሳቀሰም። እንደ እሱ ጉሮሮዋን እያሰማች እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ሲጨርስ የሚባለውን ተባባሉ። ተነሣች፣ ማሽላዋን ሸፈነች፣ ለአሰገደች ዐደራ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«ይማም ሞቷል» አለችኝ። «የቀበረው ሰው ነው የነገረኝ። ቤት እንግባና እንደነገረኝ እነግርሃለሁ።»

ቤት ገብተን፣ አስቀምጣኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ። ሁመድ በዚያ ዓመት ሰፈሩን ያደረገው ከበራህሌ በታች ባለ ውሃ አጠገብ ነበር። አንድ የደጋ ሰው በንዳድ ተይዞ ከጓደኞቹ ኋላ ቀርቶ ጥላ ሥር ተኝቶ አገኘው። ጓደኞቹ ሲመለሱ እንወስደዋለን ብለው እንደሄዱ ከሌላ ግመለኛ ሰምቷል። ሁመድና ወንድሙ ወደ ጎጇቸው ወሰዱት። ወተት ሰጡት፤ ጠጣ፣ አልቆየለትም፣ አስመለሰው። ቋንቋ ስለማይግባቡ ስሙን ብቻ ነግሯቸው ሞተ። ሲሰግድ አይተውት ስለነበር አጥበው፣ ሰግደውበት፣ ወደ ቂብላ አዙረው ቀበሩት። ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ከመሩበት። የለበሰው ሰደሪያ ቀኝ ትከሻው ላይ በአረንጓዴ ክር የተሰፋ ነበር።

ያን ሰደሪያ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ነጩ ክር አልቆብኝ ትከሻውን በአረንጓዴ ነው የጨረስኩት፤ ይማም ሲስቅብኝ ነበር።

ሁመድ አንድ ነገር ጨምሮላት ነበር። ታናሽ ወንድሙ ይህን ሁሉ በዚሁ ገበያ፣ በዓመቱ፣ ለአንድ የደጋ ቱርጁማን እንደነገረና ወሬው ለባለቤቱ እንደደረሰ አድርገው ቆጥረው እንደኖሩ ነገራት። የባሏን ወሬ ከአብዓላ በመጣ ሰው አፍ ሲሰማ ነው አለመድረሱን ያወቀው። በእነሱ ዘንድ የተሰጠ ወሬ መንገድ ላይ ሲቀር ነውር ስለሆነ ራሱ መጣ።

ዘኪያ ዒዳዋን ተቀመጠች። ኀዘኑ ላይ አብዱልወሃብ መጣ። ሰው እንዲወጣ አልጠበቀም፤ ሰው ባለበት ነው የተናገረው። ያን ቀን ሁሉንም ሰምቶ እንደነበር፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ይንገራት ብሎ ማሳጠሩን፣ ከእኔ ሌላ የሚነግራት ዘመድ ሲፈልግ ጊዜው እንዳለፈ፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ እንዳፈረ ተናገረ። እውነቱን ነው ብዬ አምናለሁ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ባደረግሁ ነበር።

«ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ ገበያ መሀል ቆመሽ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?» አላት።

«እንደነገሩህ ነዋ» አለችው።

ምግብ ሲቀርብ ግን የእሱን ሳህን ራሷ ሰጠችው። የይማምን የጁምዓ ልብስ በዚያው ሳምንት ለመስጊዱ አገልጋይ ሰጠች። ሐሙስ ቀን ገመዱ ባዶ ሆኖ ሳየው ጊዜ፣ ይህች ሴት አምስት ዓመት የደከመችበትን ማግኘቷ ነው እንጂ ማጣቷ አይደለም ብዬ አሰብኩ።

ዒዳው ሲያበቃ ተመልሳ ማሽላዋ ፊት ተቀመጠች። ኢጣልያ ወጣ። ባሎቻቸው አርሖ የወረዱባቸው ሴቶች ወደ እሷ መምጣት ጀመሩ፤ ከሽሬም ከዓድዋም የመጡ ነበሩ። ዘኪያ አስቀድማ የምትጠይቃቸው አንድ ነገር ነበር። ወሬው የመጣውን ያህል ሙሉውን እንድትነግራቸው ይፈልጉ እንደሆነ። አንፈልግም ካሉ አታስተረጉምላቸውም። አንፈልግም ያለች አንዲት ሴት ብቻ ትዝ ትለኛለች፤ እሷም በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። መርዶ ሆኖ ሲመጣ ዘኪያ ሴቲቱን አስቀምጣ፣ እጇን ይዛ፣ ከዝናቡ ጀምራ ትነግራት ነበር። ሲተረጉሙ ማሳጠር የለመዱት ሰዎች ይህን ጭካኔ ነው ይሉት ነበር። የተነገራቸው ሴቶች ግን እንዲህ ሲሉ አልሰማሁም።

በጠብ ጊዜም እንደዚያው ነበረች። አንድ የጨው ነጋዴና አንድ ግመለኛ ተጣልተው አስተርጉሚልን ሲሏት ስድቡን ሁሉ ከነአባት ከነእናቱ አንድም ሳታስቀር አቀበለቻቸው። ነጋዴው ደሙ ፈላ። «አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ደግሞ ማን ተርጉሚ አለሽ?» ሲላት፣ «አንተ። አሁን የአንተን ልውሰድለት፣ ተራህ ነው» አለችው። ሳቅ ይዞት መሳደብ አቃተው። የአውራጃው ሹሞችም አንዳንዴ ያስጠሯት ነበር። እሷ ከማሽላዋ መነሣት አትወድም ነበርና የሚፈልጋት ሰኞ ይምጣ ትል ነበር። መጥተው መሬት የተቀመጡም አሉ።

ሁመድ በየዓመቱ ጨው ሲወጣ ይመጣ ነበር። ዳጉ ይቀመጣሉ፤ መቃብሩን በዓይኑ እንዳየ፣ ድንጋዩ ከወደቀ እንደመለሰ በየዓመቱ ይሰጣታል። ወርዳ ልታየው ትፈልግ ነበር። ሳሊሃ አብሬሽ እሄዳለሁ ብላት ነበር፤ ጉልበቷ ግን አልታዘዝ አላት። ይማም ያለበትን በሁመድ ዓይን ነበር የምታየው።

እንግዲህ በየካቲት 1941 ዓ.ም. ከፋለ ቁሓ የመጣው የዚህችን ሴት መርዶ ይዞ ነው። ግቢው ደጃፍ ስደርስ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ሴቶቹ ሲያዩኝ አለቀሱ። የከፋለ ባለቤት እማዋይሽ ግን ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ከዘኪያ ጋር ግድግዳ ተጋርታ የኖረች ናት። «ጀላሉ፣ ዘኪያ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ሞተች። አጠገቧ ነበርኩ» አለችኝ። ከዚያ እንዳየችው ነገረችኝ። ሌሊቱን ትንፋሽ አጥሯት እንደነበር፣ ውሃ ጠይቃ ጠጥታ፣ በየትኛው ጎን እንደዞረች፣ ምን እንዳለችና ምን እንዳላለች። ያየችውን አየሁ፣ ከሌላ የሰማችውን ሰማሁ አለች። ልቅሶውን ያቆመልኝ ይህ ነው ማለት አልችልም፤ ቆሜ እንድሰማ ግን አስችሎኛል።

በሚቀጥለው ሰኞ የቀረውን እህል ላነሣ ወደ ገበያ ሄድኩ። ሦስት ግመለኞች እሷ የምትቀመጥበት ድንጋይ ፊት ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አላውቃቸውም። ሰላም አሉኝና አንዱ ጠየቀኝ፤ ከተናገረው የገባኝ ስሟና ዳጉ የሚለው ቃል ብቻ ነው። ውሃ ሰጠኋቸውና ሌ አልኳቸው። ጠጥተው መጠበቃቸውን ቀጠሉ። አብዱልወሃብ አርጅቶ ልጁ ዘንድ አሥመራ ሄዷል። በእሱ ቦታ የሚሠራው ጎልማሳ ጠጋ ብሎ፣ ሁለት ቃል ነው፣ ሞታለች ልበላቸው አለኝ። ተው አልኩት። አይታ የነገረችኝ እማዋይሽ ናት፤ ከእሷ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ወሬው ሁለት ቃል አይደለም። ግመለኞቹ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሥተው ሄዱ።

ሳሊሃ ሙቀቱ ሲመጣ ሰሌኗን ይዛ ትመጣለች። ዓፋርኛ እንድታስተምረኝ ልጠይቃት አስቤያለሁ፤ እኅቴ ስትጀምር ከነበራት ዕድሜ እኔ የጨመርኩት ብዙ ነው። እስካሁን የማውቀው መቁጠርና ውሃ መስጠት ነው። ሁመድ በጥቅምት ይወጣል፤ እስከዚያ ዳጉ መቀመጥ መቻል አለብኝ።

የዘኪያ ሞት በራህሌ አልተነገረም።